ኔትፍሊክስ ላይ የሠራ ሰው እንዴት ኢንዲፔንደንት ይባላል? ስለ አኑራግ ካሺያፕ

ጥያቄው፦ «መምህር፣ ሰላም ነዎት? እኔ ያደግኩት እናቴ ጎን ቁጭ ብዬ የህንድ ፊልም እያየሁ ነው። ዘፈኑ፣ ለቅሶው፣ መጨረሻ ላይ የጠፋው ወንድም የሚገኝበት። በቅርቡ የአኑራግ ካሺያፕን ሥራዎች አየሁና ግራ ገባኝ። ኢንዲፔንደንት ዳይሬክተር ነው ይላሉ፤ ከትልልቅ ኩባንያዎች ውጭ ራሱን ችሎ የሚሠራ ማለት ነው። ግን ኔትፍሊክስ ላይ ሠርቷል፣ ከታላቁ ኮከብ ከራንቢር ካፑር ጋርም ሠርቷል። እንዴት ነው ነገሩ? ሕይወቱንስ በአጭሩ ቢነግሩን? ከየትኛው ፊልም ልጀምር?»

እህቴ፣ «በአጭሩ» ያልሽውን እንዳላየሁ ሆኜ ልለፈው። የዚህ ሰው ነገር በአጭሩ ሲነገር ተረት ይሆናል። ግማሹ ሰው «ቦሊውድን የተገዳደረ ጀግና» ይለዋል። ግማሹ «እሱም ያው ቦሊውድ ነው፣ አትሸወዱ» ይላል። ሁለቱም ወገን ፊልሞቹ እንዴት እንደተሠሩና እንዴት ለሕዝብ እንደደረሱ ብዙም አይጠይቅም።

እኔ አንድ የሂንዲ ፊልም ሠሪ ኢንዲፔንደንት ነው አይደለም ለማለት ማን እንደተወነለት አላይም። የምጠይቀው ሌላ ነው። ይህን ፊልም ማን ሊያስቆመው ይችላል? ባለገንዘቡ? ሳንሱሩ? ፍርድ ቤቱ? ሲኒማ ቤቱ? ካሺያፕ ወደ ሠላሳ ዓመት የሚጠጋ ዕድሜውን ያሳለፈው ከእነዚህ በሮች ጋር ሲጋፋ ነው። ታሪኩን ስታይው ደግሞ አንድ ነገር ይደጋገማል። ብሩ ሲያንስ እጁ ይፈታል። ብሩ ሲበዛ ይታሰራል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።)

የተወለደው በ1972 ጎራክፑር ነው፤ ሰሜን ህንድ፣ ኡታር ፕራዴሽ ግዛት ውስጥ። አባቱ የኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤት መሐንዲስ ነበሩ። ልጁ ሳይንቲስት ለመሆን አስቦ ዴልሂ፣ ሃንስራጅ ኮሌጅ ገባና ዙኦሎጂ (የእንስሳት ሳይንስ) ተማረ። እዚያ እያለ ጃና ናቲያ ማንች ከሚባል የመንገድ ቴአትር ቡድን ጋር ተቀላቀለ። ቡድኑ ግራ ዘመም ነው፤ ፋብሪካ በር ላይና ሠራተኛ ሰፈር ውስጥ ቆሞ ነው የሚያሳየው። መድረክ የለም፣ መጋረጃ የለም፣ ካልጣመው ተመልካቹ ጥሎ ይሄዳል። ቀጥሎ አንድ የፊልም ፌስቲቫል መጣ። በአሥር ቀን ከሃምሳ በላይ ፊልም አየ። ከነዚያ መሃል የጣሊያናዊው ዳይሬክተር የቪቶሪዮ ደ ሲካ «የብስክሌት ሌቦች» ልቡን ወሰደው። ዙኦሎጂው እዚያ ላይ አበቃ።

በ1993 ኪሱ ውስጥ አምስት ሺህ ሩፒ ገደማ ይዞ ቦምቤይ ገባ፤ ዛሬ ሙምባይ የምንላት። ብሩ ቶሎ አለቀ። ጎዳና ላይ፣ የውሃ ታንከር ሥር፣ የተማሪዎች ማደሪያ ውስጥ እንዳደረ ራሱ ተናግሯል። ፕሪትቪ የሚባለው ቴአትር ቤት ሥራ አገኘ። ብዙዎቹ የኋላ ባልደረቦቹ በዚያ አካባቢ የተገኙ የቴአትር ሰዎች ናቸው።

ሰው ያወቀው በጸሐፊነት ነው። ተዋናዩ ማኖጅ ባጅፓዪ ከዳይሬክተር ራም ጎፓል ቫርማ ጋር አስተዋወቀው። ከሳውራብ ሹክላ ጋር ሆኖ «ሳቲያ»ን ጻፈ። ፊልሙ በ1998 ወጣ። የሙምባይ ወንበዴዎች ታሪክ ነው። ከዚያ በፊት የሂንዲ ፊልም ወንበዴ ነጭ ጫማ አድርጎ፣ ቪላ ውስጥ ውስኪ የሚቀዳ ሰው ነበር። «ሳቲያ» ውስጥ ያሉት ግን ጠባብ ቤት ይኖራሉ፣ ከሚስታቸው ጋር ይጨቃጨቃሉ፣ ዝናብ ይመታቸዋል። ካሺያፕ ያኔ ገና ሃያ ስድስት አልሞላውም።

ከዚህ በኋላ በሩ ወለል ብሎ ይከፈትለታል ብለሽ ትጠብቂያለሽ። አልተከፈተለትም።

የመጀመሪያ ፊልሙ «ፓንች» ነው። በ1970ዎቹ ፑኔ ከተማ ውስጥ ከተፈጸሙ ተከታታይ ግድያዎች የተነሣ፣ አምስት የሮክ ባንድ ወጣቶችን የሚከተል ታሪክ ነው። የህንድ ሳንሱር ቦርድ ከለከለው። ዓመፅ በዝቷል፣ አደንዛዥ ዕፅ አለበት፣ ጥሩ ሰው የሚባል አንድ ገጸ ባሕርይ የለውም፣ ማኅበራዊ መልእክት የለውም ተባለ። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ደግመሽ አንብቢያቸው። ፊልም ውስጥ ጥሩ ሰው አለመኖሩ እንደ ጥፋት ተቆጠረ! በኋላ ተቆራርጦ ፈቃድ አገኘ። ያኔ ደግሞ ፕሮዲውሰሩ ችግር ውስጥ ገባ። «ፓንች» ሲኒማ ቤት ሳይገባ ቀረ። ሰው ያየው በእጅ በእጅ በዞረ ኮፒ ነው።

ሁለተኛው «ብላክ ፍራይደይ» ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የሰውዬውን ጉዳይ ከሁሉም በላይ የሚያሳየው እሱ ነውና።

በማርች 12 ቀን 1993 ሙምባይ ውስጥ ተከታታይ ቦምብ ፈንድቶ 257 ሰው ሞተ። ጋዜጠኛው ሁሴን ዛይዲ ምርመራውን ተከታትሎ መጽሐፍ ጻፈበት። ካሺያፕ ፊልም አደረገው። እንዲህ ያለ ነገር ሲሠራ ልማዱ ስም መቀየር ነው። እሱ አልቀየረም። ተጠርጣሪው በስሙ፣ ፖሊሱ በስሙ፣ መንገዱ በስሙ። ፊልሙ በ2004 ስዊዘርላንድ፣ ሎካርኖ የፊልም ፌስቲቫል ላይ ታየ። ጃንዋሪ 2005 ህንድ ውስጥ ሊወጣ ፖስተሩ ሁሉ ተሰቅሎ ነበር። ተከሳሾቹ ቦምቤይ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሄዱ። ጉዳያችን ገና በችሎት ላይ ነው፣ ፊልሙ ፈርዶብናል አሉ። ፍርድ ቤቱ አገደው።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ሰዎቹ ያነሡት ነጥብ እንዲሁ የሚጣል አይደለም። ፍርድ ያላገኘን ሰው በስሙ ጠርቶ ቦምብ ሲያጠምድ ማሳየት ከባድ ነገር ነው። ካሺያፕን የሚያደንቁ ሰዎች ይህን ሲዘሉት ቅር ይለኛል። ግን ውጤቱን እዪው። የሽብር ችሎቱ ውሳኔ እስኪሰማ ተጠበቀ። ፊልሙ ሲኒማ ቤት የገባው ፌብሩዋሪ 2007 ነው። ማለትም ይህ ሰው ሁለት ፊልም ሠርቶ፣ አንድም ሰው ቲኬት ቆርጦ ሳያያቸው ዓመታት አለፉ። ሦስተኛው «ጉላል»ም በ2000ዎቹ መጀመሪያ ተጀምሮ መደርደሪያ ላይ ተኝቷል። ሲኒማ ቤት የገባው በ2009 ነው።

«ብላክ ፍራይደይ» ውስጥ አንድ የማሳደድ ትዕይንት አለ። ፖሊሶች ኢምቲያዝ የሚባል ተጠርጣሪ በድሆች ሰፈር ውስጥ ያሯሩጣሉ። መጀመሪያ እንደማንኛውም ፊልም ነው። ጣሪያ ይዘላል፣ ጠባብ መንገድ ውስጥ ይሰወራል፣ ሰው ይገፈትራል። ከዚያ ይደክማቸዋል። ተሳዳጁ ጉልበቱን ይዞ ያለከልካል። ፖሊሱም ጥቂት ራቅ ብሎ ጉልበቱን ይዞ ያለከልካል። አንዱ ሲነሣ ሌላው ይነሣል። ሩጫው ሶምሶማ ይሆናል፣ ሶምሶማው እርምጃ ይሆናል። ተመልካቹ መሳቅ ይጀምራል። ትንሽ ቆይቶ ያው ሰው ምርመራ ክፍል ውስጥ ሲሆን ሳቁ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። እንግሊዛዊው ዳኒ ቦይል «ስላምዶግ ሚሊየነር»ን ሲሠራ ይህን ትዕይንት እንደ አርአያ እንደወሰደ ተናግሯል። ተዋናዩ ኮከብ ስላልሆነ ነው ይህ የሚቻለው። የትኛው ትልቅ ኮከብ ነው ትንፋሹ አጥሮት ጎንበስ ብሎ ለመታየት የሚፈቅድ?

አሁን አንድ ጥያቄ ይመጣል። እንዲህ ያለ ዕድለ ቢስ ሰው ቀጥሎ ብር ከየት አገኘ?

ከእሱ በፊት የነበሩት የሂንዲ ኢንዲፔንደንት ሠሪዎች በአብዛኛው የመንግሥት ብድር ነበራቸው። የመንግሥቱ የፊልም ገንዘብ ድርጅት በ1969 የዳይሬክተር ማኒ ካውልን «ኡስኪ ሮቲ» አሠርቷል። ሺያም ቤኔጋል ደግሞ በ1976 «ማንታን»ን ሲሠሩ ገንዘቡን ያዋጡት አምስት መቶ ሺህ የጉጃራት ወተት አምራች ገበሬዎች ናቸው፤ በነፍስ ወከፍ ሁለት ሁለት ሩፒ። ደስ የሚል ታሪክ ነው። ግን ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ፊልሞች የሚያሳያቸው ሲኒማ ቤት ይቸግራቸው ነበር። ያኔ አዳራሹ አንድ ነው፤ ሺህ ወንበር ካልሞላ ኪሳራ ነው።

በ1997 ዴልሂ ውስጥ የመጀመሪያው ባለ ብዙ አዳራሽ ሲኒማ ተከፈተ። አንድ ሕንፃ ውስጥ ብዙ ትናንሽ አዳራሾች፣ ውድ ቲኬት። በ1998 መንግሥት ፊልምን እንደ ኢንዱስትሪ እውቅና ሰጠውና ለባንክ ብድር መንገድ ተከፈተ። ድሮ የወንበዴ ገንዘብ ይዘዋወርበት በነበረው ሥራ ውስጥ ኩባንያዎች ገቡ። በአንድ ዙር ሁለት መቶ ሰው ብቻ የሚያየው ፊልምም አዋጭ ሊሆን ቻለ። ካሺያፕን ያወጣው ችሎታው ብቻ አይደለም፤ ይህ የሕንፃ ጉዳይም ነው።

በዚህ ቀዳዳ ገብቶ በ2009 «ዴቭ ዲ»ን አወጣ። እናትሽ «ዴቭዳስ»ን ሳታውቀው አትቀርም። ሻሩክ ካን እየጠጣ የሚሞትበት፣ በ2002 የተሠራው፣ ሻማውና ጌጡ ዓይን የሚያጠፋው። መነሻው ሳራት ቻንድራ ቻቶፓድያይ በ1917 ያሳተሙት የቤንጋሊ ልብ ወለድ ነው። በፍቅር ተጎድቶ ራሱን በመጠጥ የሚገድል የሀብታም ልጅ። ህንዶች ስንት ጊዜ እንደሠሩት! ሁሉም አልቅሰውለታል። ካሺያፕ አላለቀሰለትም። የእሱ ዴቭ ራሱን ብቻ የሚወድ ቅምጥል ነው። ሴቶቹ ደግሞ እሱን ሲጠብቁ አያረጁም። ፓሮ ንቃው ትሄዳለች። ዘፈን አንሥተሽ ነበርና፣ «ዴቭ ዲ» አልበም ውስጥ 18 ዘፈን አለ። ሙዚቃውን የሠራው አሚት ትሪቬዲ በእሱ የብሔራዊ ሽልማት አግኝቷል። ልዩነቱ ገጸ ባሕርያቱ ድንገት ተነሥተው ስዊዘርላንድ ተራራ ላይ አይጨፍሩም። ዘፈኑ ከበስተጀርባ ሆኖ ያሾፍባቸዋል።

እዚያ ውስጥ ሠርግ ላይ የሚዘፍን አንድ ቀጭን ሰውዬ አለ። ናዋዙዲን ሲዲኪ ነው። «ብላክ ፍራይደይ» ላይም ምርመራ ከሚደረግባቸው አንዱ ነበር። ያኔ ማንም ልብ አላለውም።

ሦስት ዓመት ቆይቶ ያው ሰውዬ «ጋንግስ ኦፍ ዋሴፑር»ን ተሸከመው። ዋሴፑር ዳንባድ ከተማ ውስጥ ያለ ሰፈር ነው። ድሮ ቢሃር ነበር፣ ከ2000 ወዲህ ጃርካንድ ግዛት ነው። የድንጋይ ከሰል አገር። ዘይሻን ቃድሪ የሚባል የሰፈሩ ልጅ ታሪኩን ይዞለት መጣ፤ በኋላ ራሱም ተወነበት። ሦስት ትውልድ የሚፈጅ የደም በቀል ነው። ርዝመቱ ከአምስት ሰዓት በላይ። ሁለቱንም ክፍል በአንድ ላይ ነው የቀረጹት። ጠቅላላው ወጪ ከ200 ሚሊዮን ሩፒ በታች ነው። ያኔ አንድ ታላቅ ኮከብ ለብቻው ሊጠይቀው የሚችለው ብር ነው። እንዴት ተቻለ? የቴአትር ተዋንያን፣ እውነተኛ ቤት፣ እውነተኛ መንገድ። በ2012 ፈረንሳይ፣ ካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ፣ በዳይሬክተሮች ክፍል ሙሉው ታየ። ህንድ ውስጥ አምስት ሰዓት የሚያሳይ ሲኒማ ቤት ስላልተገኘ ለሁለት ተከፍሎ ጁንና ኦገስት ላይ ወጣ።

አንዲት ቦታ ላሳይሽ። ፋይዘል የወንበዴ ልጅ ነው፣ ጋንጃ ሲያጨስ የሚውል። ከሚወዳት ልጅ ከሞህሲና ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ቀስ ብሎ እጇን ይነካል። ትቆጣለች። ሳትጠይቀኝ እንዴት ትነካኛለህ፣ መጀመሪያ ፈቃድ ይጠየቃል ትለዋለች። ሰው የሚገድለው ፋይዘል እንባው ይመጣል፤ እንደ ተቆጡት ሕፃን። ናዋዙዲን ይህ በራሱ ሕይወት የደረሰ ነው ብሏል። ፊልሙ ውስጥ ስንት ጥይት እንደተተኮሰ ረስቻለሁ። ይቺን ግን አልረሳትም። ሌላም አለ፤ ዋናው ጠላት ራማዲር ሲንግ ለረጅም ጊዜ የኖረበትን ምሥጢር ሲናገር፣ ሲኒማ ስለማላይ ነው ይላል። ሌላው ወንበዴ ሁሉ ራሱን የፊልም ጀግና እያደረገ ይሞታል።

ከዚህ በኋላ ነው የጠየቅሽው ራንቢር ካፑር የሚመጣው። «ቦምቤይ ቬልቬት»፣ 2015። የ1960ዎቹን ቦምቤይ ስሪ ላንካ ውስጥ እንደገና ገነቡት። ለኤዲቲንግ የአሜሪካዊውን ዳይሬክተር የማርቲን ስኮርሴዚን ባልደረባ ቴልማ ስኩንሜከርን አመጡ። ወጪው ከአንድ ቢሊዮን ሩፒ በላይ ነበር። ግማሹን እንኳ አልመለሰም። ፊልሙ ያምራል፤ መብራቱ፣ ጃዙ፣ ልብሱ። ግን ማንም ትንፋሽ አያጥረውም። እኔ ስመለከተው የምትሰማኝ ሥጋት ነበረች፤ ያ ሁሉ ብር እንዳይባክን የሚል። በቀጣዩ ዓመት ወደ ትንሽ በጀት ተመለሰ። «ራማን ራጋቭ 2.0»ን ከናዋዙዲን ጋር ሠራ፣ እንደገና ካን ገባ።

የእሱ ሌላ ሥራ ደግሞ የሌሎችን ፊልም ማሠራት ነው። እኔን ከጠየቅሽኝ ከራሱ ፊልሞች እኩል የሚመዘን ነገር ነው። የቪክራማዲቲያ ሞትዋኔን «ኡዳን» አግዞ በ2010 ካን አደረሰው። «ዘ ላንችቦክስ»ን በጋራ ካወጡት አንዱ ነው። «ማሳን»ን የሠራው ኒራጅ ጋይዋን የእሱ ረዳት ነበር። በ2011 ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ፋንቶም ፊልምስን አቋቋመ። በ2018 ግን አንዱ ባልደረባ ላይ የወሲብ ትንኮሳ አቤቱታ በአደባባይ ወጣና ኩባንያው ፈረሰ። አቤቱታው ቀደም ብሎ ደርሷቸው ሳለ ስላልያዙት በቂ ወቀሳ ደርሶባቸዋል። ካሺያፕም ይቅርታ ጠይቋል።

ሳንሱሩስ? አልተወውም። በህንድ ሕግ፣ ከ1952 ጀምሮ፣ ያለ ሳንሱር ቦርድ ምስክር ወረቀት ሲኒማ ቤት ማሳየት አይቻልም። «አግሊ» የሚለው ፊልሙ በ2013 ካን ታይቶ ህንድ ውስጥ የወጣው በ2014 መጨረሻ ነው። ምክንያቱ? ተዋናይ ሲያጨስ ስክሪኑ ላይ «ማጨስ ይገድላል» የሚል ጽሑፍ እንዲለጠፍ ሕጉ ያዛል፤ እሱ አልለጥፍም አለ። ፍርድ ቤት ሄዶ ተሸነፈ። በ2016 ፕሮዲውስ ባደረገው «ኡድታ ፑንጃብ» ግን አሸነፈ። ቦርዱ ብዙ ቦታ ቁረጡ ሲል ቦምቤይ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አንድ ብቻ ይቆረጥ ብሎ ወሰነ። ኤፕሪል 2021 ላይ ደግሞ የሳንሱር ይግባኝ የሚሰማው ጉባኤ ተዘጋ። አሁን ይግባኝ ያለው ሠሪ ቀጥታ ከፍተኛ ፍርድ ቤት መሄድ አለበት። ጠበቃ መክፈል ለማይችል ትንሽ ሠሪ ይህ ማለት «እንደተባልከው ቁረጥ» ማለት ነው።

እንግዲህ የኔትፍሊክሱ መልስ እዚህ ጋ ነው ያለው። ኔትፍሊክስ ላይ የሠራው ተከታታይ ፊልም «ሴክሬድ ጌምስ» በ2018 ሲወጣ የኢንተርኔት ሥርጭት የሳንሱር ወረቀት አይጠየቅም ነበር። ስለዚህ ካሺያፕ ከአንድ ግዙፍ የአሜሪካ ኩባንያ ጋር ሠርቶም፣ ሲኒማ ቤት ካወጣቸው ፊልሞች የበለጠ እጁ ተፈትቶ ነበር። ስድቡም ፖለቲካውም ሳይነካ አለፈ። ግን አልቆየም። በ2021 መጀመሪያ በሌላ ኩባንያ ተከታታይ ፊልም ላይ የሃይማኖት ክስ ተነሣ፤ ወዲያው አዲስ ደንብ መጣ። ኩባንያዎቹ ፈሩ። ካሺያፕ ስለ ሙምባይ ሲያዘጋጀው የነበረው ትልቅ ሥራም ቀረ። አሁን ማንም «ከልክያለሁ» አይልም፤ ስልክ አይመልሱልሽም፣ ያበቃል። «ኬኔዲ» የሚለው ፊልሙም በ2023 ካን እኩለ ሌሊት ላይ ታይቶ አገሩ ለሕዝብ ሳይወጣ ረጅም ጊዜ ተቀመጠ።

በ2024 መጨረሻ ሙምባይን ትቼ ወደ ደቡብ ህንድ እሄዳለሁ አለ። ምክንያቱን ሳይደብቅ ተናገረ፤ ፊልም ገና ሳይጀመር እንዴት እንደሚሸጥ ነው የሚወራው፣ የኮከብና የአጃቢው ወጪ ፊልሙን ይበላዋል አለ። ደቡብ ላይ በተዋናይነትም ይሠራል። «ማሃራጃ» የሚለው የታሚል ፊልም ውስጥ ክፉው ሰውዬ እሱ ነው።

ከየትኛው ልጀምር ላልሽው፣ ከ«ዴቭ ዲ» ጀምሪ። እናትሽ የ2002ቱን «ዴቭዳስ» ካላት መጀመሪያ እሱን አብራችሁ እዩት፣ ያኔ ካሺያፕ ምን እንዳፈረሰ በደንብ ይገባሻል። «ዴቭ ዲ»ን ግን ብቻሽን እዪው፤ ከእናት ጋር ቁጭ ተብሎ የሚታይ አይደለም። ቀጥሎ «ብላክ ፍራይደይ»። ከዚያ ቅዳሜ ቀን አስለቅቀሽ ሁለቱን «ዋሴፑር» በአንድ ላይ፤ ካን ላይ የታየው እንደዚያ ነው። ስሞቹ ይምታቱብሻል፣ አትጨነቂ፣ ሁለተኛው ሰዓት ላይ ማን የማን ልጅ እንደሆነ ትይዢዋለሽ። «ቦምቤይ ቬልቬት»ን ለመጨረሻ አቆዪው። «ኖ ስሞኪንግ» የሚለውን ሌላ ፊልሙን እኔ አልወደድኩትም፣ የሚወዱት ሰዎች ግን ሞተው ነው የሚከራከሩለት፤ አንቺው ፍረጂ።